ወደ ተርሴስ የሚሄዱት ቄስ

ክረምት ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳለሁ አንድ ቄስ ከጎኔ ተቀመጡ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ባሕር ላይ የምንንሳፈፍ ይመስል ነበር።

«ወዴት ነው መንገዱ አባ?»

«ወደ ተርሴስ! ደብር አስተዳድር ቢሉኝ ጊዜ መሸሼ ነው» ብለው ሳቁ።

ተርሴስ ዮናስ ከእግዚአብሔር ሸሽቶ ሊገባባት ያሰባት፣ ዛሬ ቦታዋ እንኳ በውል የማይታወቅ የጥንት የንግድ ወደብ ናት። ያን ቀልድ ሰምቼ ሳልጨርስ አውቶቡሱ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። የዮናስ መርከብ በእሱ የተነሣ ምን ማዕበል እንዳገኛት ስለማውቅ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ልጄ፣ አውርደኝ!» አልኩት ሹፌሩን።

«እዚህ ገደል አፋፍ ላይ አባባ?»

«አውርደኝ ብያለሁ!»

ወረድኩ። አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እፎይ ብዬ ሳማትብ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አይዞዎት» አሉኝ ቄሱ፤ «ብቻዎን ከምተውዎ ብዬ እኔም ወረድኩ።»