ጣሪያ ላይ ያረጀው ጎማ

ዛሬ ሆጤ ሰፈር፣ ጎሚስታው ዘንድ፣ ልጄ የመኪናዬን ጎማዎች አስፈታ። ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነው፤ ጎናቸው ግን ተሰነጣጥቋል።

«አባ፣ ጎማ ባይነዳበትም ዕድሜው ያልቃል» አለኝ።

ይህን ለእኔ! መንዳቱንም ሞተር መፍታቱንም ያለ አስተማሪ፣ በዓይኔ ብቻ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን ነገር ያወቅሁት እሱ ሳይወለድ ነው።

ፀሐይ ላይ የጋለው ጎማ ሽታ አንድ የድሮ ቀን አስታወሰኝ። ጎረምሳ ነበርኩ። አጎቴ ሰይድ አንድ አዲስ ጎማ ለክፉ ቀን ብሎ የጭነት መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ዓመታት አዞረው። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስንወርድ የኋላው ጎማ ፈነዳና ያንን የተቆጠበውን አወረድን። አዲስ ጎማ ላይ የሚታየው የላስቲክ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። ጎኑን ስጫነው ግን እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጠቀ።

ይናደዳል ያልኩት አጎቴ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳቀ። «ወላሂ፣ የሮጡት አሉ፤ የተቀመጠው ሞተ! ስማ አንተ፣ መንገድ ከሚበላው ሥራ መፍታት የሚበላው ይብሳል።»

እንዲያም ሆኖ ያንኑ ገጠምነው። አጎቴ መንዙማ እያንጎራጎረ፣ ቀስ እያለ ኮምቦልቻ አገባን።

«አዲስ ጎማ እናስገባለን» አለ ልጄ። «ከእንግዲህ ግን ኮምቦልቻ ሲሄዱ እኔ እነዳልዎታለሁ። እርስዎ ይረፉ።»

«እንደ አጎቴ ጎማ ጣሪያ ላይ ልታስረኝ ነው? ቁልፉን ወዲህ በል!»

ጎሚስታው ሳቁን ዋጠ። ልጄ ቁልፉን እንደጨበጠ ነው፤ የእኔም እጅ እንደተዘረጋ።