ቀዩ የቆዳ ኳስ

የልጄን አዲስ የቤዝቦል ጓንት ሳሸተው፣ የቆዳው ሽታ በልጅነቴ ፌርፋክስ ከነበረ የሐበሻ ሬስቶራንት ጀርባ ወዳለው ፓርኪንግ ወሰደኝ።

ጃማይካዊው ጋሼ ዴዝመንድ ከአባዬ ጋር ታክሲ ይነዳ ነበር። ቀድሞ ግን ክሪኬት በሚባለው ጨዋታ ለብሔራዊ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። አንድ እሁድ ቀይ የቆዳ ኳሱን አወጣ። አባዬ ለመምቻ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ፣ እንደ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ፣ ኳሱ እንዳይመታው ሊጠብቀው የወተት ሳጥን ፊት ቆመ።

ያ ዝግ ብሎ የሚራመድ ጋሼ ዴዝመንድ ከአጥሩ ተነስቶ እንደ ፈረስ እየጋለበ መጣ። ኳሱን አላየሁትም፤ ሳጥኑ ሲበር ብቻ አየሁ። አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ወጥተው አጨበጨቡ።

«ታዲያ ለምን ተውከው?» አለው አባዬ።

«ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ለነጮቹ ተጫወትኩ። ጥቁሩን ረግጠው እንደሚገዙ እያወቅኩ። አገሬ ሁለተኛ አላሰለፈችኝም።»

አባዬ እንጨቱን ጣለና በአማርኛ አጉተመተመ፤ «ይሄን የመሰለ ክንድ፣ ለነዚያ?»

«ምን አለ?» አለኝ ጋሼ ዴዝመንድ።

«እነዚያ» እነማን እንደሆኑ አልገባኝም። እኔ የፈለግኩት ያንን ሩጫ ነው።

«ድገመው ይልሃል» አልኩት።

ፊቱ በራ፤ ሊንደረደር ከቅድሙም ርቆ ሄደ። አባዬ አየኝና እንጨቱን አነሳ።

ዛሬ «እነዚያ» እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ብጠየቅ ግን አሁንም ያንኑ ነው የምተረጉመው።