ሁለት አያት፣ ሦስት ኪቦርድ

ቅናት ከጥርስ ጋር አብሮ የሚረግፍ ይመስለኝ ነበር። አይረግፍም። ጥርሴ ከሄደ ቆየ፤ ቅናቴ ግን አምና ነው እንደ አዲስ ያቆጠቆጠው፣ ያውም በኪቦርድ።

ቤት የለኝም ስል ሰው ያዝንልኛል። ማዘን አያስፈልግም። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሦስቱም ቤት አልጋ አለኝ። ትልቋ አዳማ ናት። ወንዱ ዱከም ፋብሪካ ይሠራል። ትንሿ አዳሚ ቱሉ ናት፤ ባሏ እዚያ እርሻ ምርምሩ ውስጥ ነው። እኔ በሚኒባስ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ። ረዳቶቹ ሁሉ ስላወቁኝ፣ "እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ተሾሙ?" ይሉኛል። አንድ ቦታ ሲበዛ ሰውም ይሰለቸኛል፣ እኔም ሰውን እሰለቻለሁ። ያ ሳይመጣ ቦርሳዬን አነሳለሁ።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከኋላቸው ቁጭ ብዬ፣ ልብስ እያጠፍኩ ነው። ማንበቡን እንደምንም ቻልኩት፤ መጻፉን ግን እጄ እምቢ አለ። እስክሪብቶ ስይዝ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። "መ" ልጽፍ ብዬ እንስሳ ይሁን ዕቃ ያልታወቀ ነገር ይወጣል።

መላውን ያመጣችልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ የትልቋ ልጄ ልጅ። አዳማ ላይ፣ ተማሪ በሚበዛበት መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አላት፤ ኪቦርድና ማውስ ትሸጣለች፣ የተማሪዎቹንም ጽሑፍ በኮምፒውተር እየጻፈች ታትምላቸዋለች። ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳዛጋ አየችኝና አንድ አሮጌ ኪቦርድ ፊቴ አስቀመጠች። በየቁልፉ ላይ የአማርኛ ሆሄ ለጥፋበታለች።

"እምዬ፣ እዚህ ላይ 'መ' ተሠርቶ ያለቀ ነው። የአንቺ ሥራ መንካት ብቻ ነው" አለችኝ።

ነካሁት። መ አለ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ። ሌላ ቁልፍ ስጨምርበት ሙ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ ጥግ ያለችው በርጩማ የእኔ ሆነች። አዳማ ስሰነብት ጠዋት ከልጅቷ ጋር ባጃጅ ተሳፍሬ እሄድና ያየሁትን የሰማሁትን በአንድ ጣቴ እለቅማለሁ። ተማሪዎቹ ሲገቡ "አካም ጅርቱ አኮ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ 'እንደምን አሉ አያቴ' ማለታቸው ነው። ልጅቷ ደግሞ "ጸሐፊዬ ናት" ትላቸዋለች። ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑን እያወቅኩም ደስ ይለኝ ነበር።

አምና ትንሿ ልጄ ወልዳ አዳሚ ቱሉ ከርሜ ስመለስ በርጩማዬ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። ያኛዋ አያት ናት፣ የልጅቷ አባት እናት። አሰላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ባሏ ሲሞት ብቻዋን እንዳትሆን ልጇ አዳማ አመጣት። ፊት ለፊት "እርስዎ" እላታለሁ፤ እዚህ ግን ስለማትሰማኝ "እሷ" ልበል።

ያኛዋ የምትጽፈው በአንድ ጣት አይደለም። በአሥሩም ነው። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፣ እጇ ደግሞ ለብቻው ሥራውን ይሠራል፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የወረደ ነው የሚመስለው። የልጅ ልጄ ከኋላዋ ቆማ ታያታለች፣ ዓይኗ እየሳቀ።

"እምዬ፣ አያቴን እያት እስቲ፤ መኪና አይደለችም?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

"ጌታ ይባረክ፣ ጣቴ ገና እየተፍታታ ነው" አለች ያኛዋ። ትሕትናዋ ራሱ ያናድዳል። ጴንጤ ናት፤ የኳየር መዝሙር እየጻፈች ለወጣቶቹ ታባዛላቸዋለች፣ ወጣቶቹም እጇን እየሳሙ ይሄዳሉ።

እኔ ሌላ በርጩማ መጣልኝ፣ በሩ አጠገብ። ነፋስ ያለበት ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ያኛዋን "እርስዎ" ነበር የምትላት። ብዙም ሳይቆይ "አንቺ" ሆነች። እሱንም ዋጥኩት፤ አብሮ የዋለ ሰው ይላመዳል ብዬ። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆሜ ከጫማዬ አቧራ ሳራግፍ፣ "እምዬ፣ ሻይ ይምጣልሽ?" ስትል ሰማሁና "አይ፣ ጠጥቻለሁ" አልኩ። ለእኔ አልነበረም። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ጫማዬን መልሼ ማራገፍ ጀመርኩ፣ የሚራገፍ ነገር ባይኖረውም።

እንዲህ አንጀቴ እየተቃጠለ ሳለ ነው ኪቦርዶቹ የመጡት። አንድ ጠዋት ስንገባ ልጅቷ ቀድማን ሄዳ ሦስት ስስ ኪቦርዶች ባንኮኒው ላይ ደርድራ ጠበቀችን፤ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ። ከመርካቶ ያመጣችው ናሙና ነው። ከሦስቱ አንዱን መርጣ ሱቁን ልትሞላበት ነው፤ ራሷም ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው በእሱ ሊሆን ነው፣ ወፍራሙ ኪቦርድ የእጇን አንጓ እያሳመማት ስለሆነ።

"የእናንተን እጅ እፈልጋለሁ" አለች። "እኔ ሁሉንም ስለለመድኩ አይለይልኝም።"

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። የማንን እጅ ታምናለች ነው ነገሩ። ያኛዋ የመረጠችው ከተወሰደ በርጩማዬም ሄደች፣ ልጅቷም ሄደች።

ልጅቷ ከጥቁሩ ላይ አንድ ቁልፍ በጥፍሯ ፈነቀለችና ውስጡን አሳየችን። ሁለት ጥቃቅን ፕላስቲኮች እንደ መቀስ ተጣልፈው ተኝተዋል፤ ሰርግ ቤት የሚከራየው ተጣጣፊ ወንበር እግሩ እንደዚያ ነው። መሃላቸው እንደ ጡጦ ጫፍ ያለች ጎማ አለች። ሲጫኑት መቀሱ ይተኛል፣ ሲለቁት ጎማዋ ታነሳዋለች። ቁልፉ ጥጉን ቢነኩትም ሳያጋድል ቀጥ ብሎ የሚወርደው በመቀሱ ምክንያት ነው አለች።

በግራጫው ላይ ያኛዋና እኔ አልተጣላንም። ቁልፎቹ ጠፍጣፋ ከመሆናቸው የተነሳ የሚወርዱ አይመስሉም፣ ጠረጴዛ መጎሰም ነው። ድንበርም የላቸውም፤ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አያውቅም። ወደ ጎን ገፋነው።

ነጩ አጭርና ጠንካራ ነው። ትንሽ ወርዶ ጠቅ ይላል፣ የሕፃን ልብስ ላይ ያለው ጠቅ የሚል ቁልፍ ሲገጥም እንደሚለው። ጥቁሩ ግን እንደ በሰለ አቮካዶ ነው፤ ትንሽ ይቀበልሻል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመልስሻል። ድምፁ የለም ማለት ይቻላል፤ ጋቢ ላይ የወደቀ አዝራር ነው።

ያኛዋ ከነጩ ላይ እጇን አላነሳችም።

"ይሄ ይመልሳል" አለች። "ስነካው እሺ ይለኛል። ታይፑም እንዲህ ነበር፤ መምታቴን ሳላይ አውቀዋለሁ።"

"ታይፕማ ጎረቤት ያስነሳ ነበር" አልኩ።

"ያስነሳል እንጂ። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዳለ ይታወቅ ነበር።"

"አሁንም ይታወቅልዎታል። እስከ ባጃጅ ተራው ይሰማል።"

ልጅቷ ሳቀች። ያኛዋም ሳቀች፣ ከልቧ። እሷ ባትስቅ ይሻለኝ ነበር።

"እርስዎስ የትኛውን ወደዱ?"

"ጥቁሩን።"

"ዝም ይላል እኮ።"

"ዝም ማለት ነውር ሆነ?"

"ነውርስ አይደለም። ጻፍኩ አልጻፍኩ ብዬ ስክሪኑን ሳይ መዋሌ ነው ብዬ ነው።"

"እኔ ድሮም አያለሁ" አልኩ።

ልጅቷ "እስቲ ላስብበት" ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

በአሥር ጣት መጻፍ አልችልም፤ ዳንቴል ግን እችላለሁ። ሦስቱም ልጆቼ ቤት ቴሌቪዥኑም ሶፋውም የእኔን ዳንቴል ለብሶ ነው ያለው። የአዳማ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው። ጥቁሩ አምሮ እንዲታይ ልኩን ለክቼ ነጭ ዳንቴል ሠራሁለትና አለበስኩት። ልጅቷ "ውይ እምዬ" ብላ ፎቶ አነሳችው። አንጀቴ ራሰ።

ያኛዋም አገላብጣ አየችው። "እንዴት ያምራል። ልጅቷ ለምትጽፍበት ላፕቶፕም ቢሠሩለት፤ አቧራው ቁልፎቹ ሥር እየገባ ነው" አለች።

ሠራሁ። ባለሙያነቴ እንዲታይ መሃሉ ላይ አበባ ጨመርኩበት፣ ወፈር ያለ። ልጅቷ ለምሳ ወጣ ስትል ያኛዋ ዳንቴሉን ላፕቶፑ ቁልፎች ላይ አለበሰችውና፣ ንጹሕ ሴት ስለሆነች፣ ክዳኑን ዘጋችው። ትንሽ እምቢ አላት። በመዳፏ ጫን አደረገችው። ቀጭ አለ።

የላፕቶፑም ቁልፎች የዚያው የስሱ ዓይነት ናቸው። ክዳኑ ሲዘጋ በቁልፉና በስክሪኑ መካከል ወረቀት እንኳ በወጉ አይገባም። እኛ ደግሞ የለመድነው ቴሌቪዥን ነው፤ ያንን የፈለግሽውን ብታለብሺው አይከፋውም።

ልጅቷ መጥታ ስትከፍተው ስክሪኑ የሸረሪት ድር ሆኗል።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አለች ያኛዋ።

"ዳንቴሉ የእኔ ነው" አልኩ።

"የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።"

"እኔ አበባ ባልጨምርበት ይዘጋ ነበር።"

"ይሥሩለት ብዬ ያዘዝኩዎት እኔ አይደለሁ?"

"እንዴ፣ ተራ በተራ" አለች ልጅቷ። መጀመሪያ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ ከዚያ እኛን አይታ ሳቅ አፈናት፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያኛዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ሄዳ እሷን አቀፈቻት። እኔ አልተንቀጠቀጥኩም፤ ስለዚህ ማንም አላቀፈኝም። በጥፋቱ እንኳ ቀደመችኝ።

ተማሪዎች ጽሑፋቸውን እየጠበቁ ነበር። ልጅቷ ላፕቶፑን ከሱቁ ትልቅ ስክሪን ጋር በገመድ አገናኘችው፤ ክዳኑን ዘግታ ወደ ጎን ስላደረገችው አሁን ለብቻው የሆነ ኪቦርድ ያስፈልጋታል፣ ወፍራሙ ደግሞ እጇን ያማታል። ጥቁሩም ነጩም ባንኮኒው ላይ ናቸው። ላስብበት ያለችውን አላሰበችበትም። እጇ ነጩን አነሳ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ፣ እጇ ለብቻው ሥራው ላይ። ትከሻዋም ቢሆን፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ማድረጓም ቢሆን፣ የያኛዋ ነው። ስንት ዓመት አሳድጌያት አላየሁትም። ያኛዋን አየኋት፤ እሷም አይታዋለች። ደስታ ሲይዝ የሰው ፊት ምን እንደሚሆን ይታወቃል።

ከጥቁሩ ላይ ዳንቴሌን አነሳሁና አጠፍኩት። "ነገ ዱከም እሄዳለሁ" አልኩ።

"እስከ በዓሉ እቆያለሁ አላልሽም?"

"ልጄ ናፈቀኝ።"

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ከቦርሳዋ ጥቁሩን አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ሆሄዎቹን በየቁልፉ ላይ ለጥፋቸዋለች።

"ይሄ ያንቺ ነው። ገመድ የለውም፤ ከስልክሽ ጋር አገናኝቼልሻለሁ።"

"ሱቁ ስላልፈለገው ነው?"

"ሱቁ ነጩን ነው የሚፈልገው። አንቺ ደግሞ ይሄን።"

"ሂጂልኝ ማለትሽ ነው እንግዲህ" አልኳት።

በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘች። "እምዬ፣ ዱከም አጎቴ ሌሊት ሠርቶ ነው ቀን የሚተኛው። አዳሚ ቱሉ ሕፃን አለ። እኛም ቤት ስትሆኚ ሁላችንም ሳንነቃ ነው የምትነሺው። አንቺ ከእንግዲህ የምትጽፊው ሰው በተኛበት ቤት ነው። ነጩን ብሰጥሽ ሰው ይነቃል ብለሽ አንዲት ቃል አትጽፊም።"

ጥቁሩን የወደድኩት ለልስላሴው ነው ብዬ ነበር፣ እኔም። በየልጁ ቤት የምዞር ሰው ነኝ፤ ሲኒ ሳላንኳኳ ማስቀመጥ፣ በር በመዳፌ ይዤ መዝጋት፣ ሳል ሲመጣብኝ አፌን በነጠላዬ ማፈን ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ማንም አድርጊ ብሎኝ አያውቅም። ጣቴም ያንኑ ለምዶ ኖሯል። ይህን እኔ ሳላውቀው ልጅቷ አውቃዋለች፤ መቼ አየችው?

ዱከም ሰንብቼ አሁን አዳሚ ቱሉ ነኝ። ልጄ እዚህ ቅርብ ካለው ሐይቅ የመጣ ዓሣ ልትገዛ ወጣ ብላለች። ሕፃኑ አጠገቤ ተኝቷል። ይህን የምጽፈው በጥቁሩ ነው፤ ስጽፍ የሚሰማው የሕፃኑ ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደ እኔ ልቡ የታየለት ሰው ደስ ሊለው ይገባል። ደስ ብሎኛልም።

ግን እኔን እንደዚያ ያየች ልጅ ያኛዋን ሳታያት ትቀራለች? ነጩን ለሱቁ ስታስቀር ለያኛዋም የሆነ ነገር ሳትላት አልቀረችም። ምናልባት ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሎባት እንደነበር፣ የሚመልስ ነገር እንዳማራት። ምናልባት ከዚያም የጠለቀ ነገር። እኔ በሚኒባሱ መስኮት የተነገረኝ ያምራል፤ እሷ የተነገራት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ግን የእኔ መብለጡን በምን አውቃለሁ?

"ያኛዋን ምን አልሻት?" ብዬ ለልጅቷ በስልኩ ጻፍኩ። ሳየው አሳፈረኝ፤ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። ሕፃኑ አልነቃም።