የጾሙ ሳህን

አማቴ ከእኔ አብልጠው የሚሳሱለት አንድ ጎድጓዳ የቻይና ሳህን ነበራቸው። ነጭ ነው፣ ነጭ ብቻ። የባለቤቴ አባት በሕይወት ሳሉ ሐረር ካለ ነጋዴ ገዝተው ያመጡላቸው ነው። አማቴ ለጾም ምግብ ለይተውት ስለነበር ቅቤ ነክቶት አያውቅም። የእኔም እጅ እንዲነካው አልተፈቀደም።

ከሸዋ ተድሬ ሆሳዕና ከተማ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ቆጮ አከታተፍ ያሳየችኝ፣ ሲከፋኝ በአጥር ላይ ጠርታ የምታጫውተኝ አንዲት ሃድያ ጎረቤታችን ነበረች። ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም።

በአቢይ ጾም ታመመችብኝ። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ሱፍ ፍትፍት ሠራሁና፣ መቼም ጉራ አያልቅብኝም፣ በዚያ ሳህን አድርጌ ወሰድኩላት። አማቴ ሳይመለሱ ቦታው አስቀምጠዋለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን አስቀረችው። በእነሱ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ብለምናት ባስለምናት አሻፈረኝ አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ አማቴ ሳህኑን እንዳይፈልጉት ስጸልይ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ጓደኛዬ ድና ደጃችን ቆመች። ሳህኑ እስከ አፍ ገደፉ አታካና ሞልቷል፤ ቡላ በወተት ተገንፍቶ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የእኛን ጾም ከየት ታውቀዋለች! በሩን የከፈቱት ደግሞ አማቴ ናቸው።

«እሜቴ፣ ልጅሽ አዳነችኝ። እንኪ፣ ብዪ» አለቻቸው። አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም።

ክው አልኩ። አማቴ አንዲት ክፉ ቃል ቢወጣቸው ጓደኛዬ ያን ደጃፍ ዳግመኛ እንደማትረግጥ አውቃለሁ። እሳቸው ሳህኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ተቀበሏትና «እንኳን ማረሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው ሸኟት።

አማቴ አታካናውን ለሰፈራችን አራስ ላኩላት። ሳህኑን ሊያጥቡ ወደ ፀሐይ ሲያወጡት ቀጥ ብለው ቆሙ። የቀረው ቅቤ በሳህኑ ውስጥ በተቀረጹ ስስ መስመሮች ገብቶ ረግቷል። ቢጫ አበባ፣ ቅጠሉ፣ ግንዱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነጭ በነጭ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ሱፉም ነጭ ስለሆነ ስንት ዓመት ሲፈስበት ኖሮ ማንም አላየውም።

«ጣቴን ሲጎረብጠኝ የተፋቀ መስሎኝ!» አሉ አማቴ። «ይህን ሁሉ ዘመን አበባ ይዤ ኖሬአለሁ።»

በፋሲካ ሳህኑን ዶሮ ወጥ ሞሉት። እኔ ልቀበላቸው ብል እምቢ ብለው ራሳቸው ይዘው ወጡ። የዚያችን ጎረቤት ቤት ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት እግሬ እየተደናቀፈ ተከተልኳቸው። ጓደኛዬ ከምድጃው ተነሥታ ሮጣ መጣች።

አማቴ ሳህኑን አቀበሏትና «ባዶውን እንዳትመልሺልኝ» አሏት።