ውሃው እስከ ደረት

የሐይቁ ጠባቂ ሚስት የግራ ቦት ጫማዋን አውልቃ ወደ ቀኙ ልትሻገር ስትል በሩ ተንኳኳ። ሐይቁን ዞራ መግባቷ ነበር። አምስት የመዋኛ ዳርቻ፣ አራት ሰዓት የሚፈጅ የእግር መንገድ፣ መሐል ላይ ደግሞ ጉልበት የሚፈታ አቀበት። በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እያለች፣ በአንድ እግሯ ካልሲ በአንዱ ጫማ እንዳደረገች ከፈተች።

ደጃፉ ላይ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ ያዘለች፣ በእጇ የሚታጠፍ የብረት መለኪያ ዘንግ የያዘች ወጣት ሴት ቆማለች።

"ደህና አደሩ እናቴ? ከመሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት። የመዋኛ ቦታዎች ተቆጣጣሪ ነኝ። ጠባቂው ካሉ፣ አብረን ሐይቁን እንድንዞር ፈልጌ ነበር።"

ጠባቂው ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አልጋው ላይ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ሊቆልፍ ሲታገል ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም ተከትሎ ከዳው። ያ ለፍላፊ ሰው፣ መንገደኛ አስቁሞ የሐይቁን ወሬ ካልነገረ የማይለቀው፣ ከዚያ ወዲህ ቃል እንደ ውድ ዕቃ አንድ አንድ ሆኖ ነው የሚወጣለት። ሚስቱ በማግሥቱ የእሱን መንገድ ጀመረች። ሌላ ምን ታድርግ? ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ለጠባቂው ይሰጣል፤ ጠባቂነቱን የተወ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ቁልፉን ያስረክባል። ግማሽ ጎኑ የማይሠራ ሰው ይዞ በሠላሳ ቀን የት ይገባል? እናም በየዳርቻው በቆመው ሰሌዳ ላይ የውሃውን ሙቀት በጠመኔ እየጻፈች፣ ከሥሩ በባሏ ስም ትፈርማለች። የሚያውቁ ሰዎች "አይዞሽ፣ ላይችል አይሰጥም" ይሏታል። ይህን የሚላት ሰው ሁሉ ደግሞ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው፤ እሷ ይህን ሳትታዘብ አላለፈችም።

"ወጥቷል" አለች ለተቆጣጣሪዋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው እንዲሰማ። "መንገዱ ላይ ዛፍ ወድቆ ሊቆርጥ ሄደ። ነይ ልጄ፣ እኔ ላድርስሽ።"

ያወለቀችውን ጫማ መልሳ ስታጠልቅ እግሯ አብጦ እምቢ አላት። ረግጣ አስገባችው።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባላል። የሴትዮዋ ሐሰት ግን ገና የመጀመሪያው ዳርቻ ላይ ነው መቅለል የጀመረው። የልጆቹ ዳር ይሉታል፤ አሸዋው ደቃቅ ነው፣ እናቶች ልብስ አንጥፈው ይቀመጡበታል። ተቆጣጣሪዋ ሰሌዳውን አነበበች። የዛሬ ቀን፣ የዛሬ ሙቀት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሱሪዋን ለውጣ ውሃው ውስጥ ገባችና፣ ዋናተኛ እንዳያልፍ በገመድ የተያያዙት ቀያይ ኳሶች ድረስ ሄዳ ዘንጓን ተከለች። ወጥታ ጻፈች።

"ጠባቂውስ?"

"ወደፊት ነው።"

ሁለተኛው ጎረምሶች የሚዘሉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እዚያም ገባች፣ ለካች፣ ጻፈች። ጠባቂው አሁንም ወደፊት ነው። ሦስተኛው፣ ጥንዶች ተቃቅፈው ስለሚቀመጡበት የሙሽሮች ዳር የተባለው፣ ባዶ ነበር፤ ጠባቂውም አልነበረበትም።

"ባለቤትዎ ሰው ናቸው ወይስ ሚዳቋ?" አለች ተቆጣጣሪዋ የሸሚዟን ጫፍ እየጨመቀች።

"ሲሠራ ነፍሱን አያውቅም" አለች ሴትዮዋ። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ ድሮ።

አቀበቱ ላይ ጉልበቷ በየእርምጃው ይጮህ ጀመር። ጠዋት ሲወጡት አቀበት ነው፤ በዚያው ቀን ሁለተኛ ሲወጡት ቅጣት ነው። እንደምንም ተራመደች፣ ቆመች፣ ተራመደች፣ በመጨረሻ ግንድ ላይ ዘጭ አለች። ከታች ሐይቁ ተንጣልሏል፤ ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ይህን ሊያይ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ "ምንኛ የታደላችሁ ናችሁ" ይላል። እሷ ከላይ ሆና የምታየው የቀረውን መንገድ ብቻ ነበር። ደክሟታል። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ድካሙ አጥንቷ ድረስ ገብቶ፣ ሌሊት ብትተኛም የማይወጣ ሆኗል።

ተቆጣጣሪዋ አጠገቧ ተቀመጠችና የውሃ ኮዳዋን አቀበለቻት። "ለምን እንደመጣሁ ልንገርዎት። ዋናተኞች አቤቱታ ጽፈዋል። ሐይቁ ጠበበብን ነው የሚሉት።"

"ሐይቅ ይጠባል እንዴ?"

"እኔም ስቄ ነበር" አለች ተቆጣጣሪዋ። ኮዳዋን ተቀብላ ተነሣች።

አራተኛው ዳርቻ ፀሐይ የማትደርስበት ቀዝቃዛው ነው፤ አምስተኛው ጥድ ሥር ነው። እዚህ ተቆጣጣሪዋ ለክታ ስትወጣ ዘንጓን አላጠፈችም። ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ በጣቷ እንደያዘች ደረቁ መሬት ላይ አቆመችው።

"እናቴ፣ እስቲ እዚህ አጠገቡ ይቁሙልኝ።"

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቆመች። የተቆጣጣሪዋ ጣት ልክ ደረቷ ላይ አረፈ።

"አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲሜትር" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "መመሪያው አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት ነው የሚለው። አንዱ ዳርቻ ቢሳሳት ገመዱ ተንሸራቶ ነው እል ነበር። አምስቱም እኩል ሲሳሳቱ ግን አይቼ አላውቅም። የጠባቂው የቅጥር ፎርም አለኝ፤ ቁመታቸው ተጽፎበታል። ረዥም ሰው ናቸው።"

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ገባት። የተራራው በረዶ ቀልጦ ሐይቁ ሲሞላ ወይም በበጋ ሲጎድል፣ ኳሶቹን የያዘው ድንጋይ ተነሥቶ ቦታው ይቀየራል። መለኪያ ዘንግ በቤታቸው ኖሮ አያውቅም። ባሏ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃው ደረቱ ላይ እስኪደርስ ይገባና ድንጋዩን እዚያ ይጥላል፤ አለቀ። በታመመ በሳምንቱ ገመዱን የት ላድርገው ብላ ስትጠይቀው፣ በደህናው እጁ ደረቱን መታ መታ አደረገ። እሷም ገባች፤ ደረቷ ድረስ። እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ደረት እንዳለው፣ አንድም ቀን ትዝ አላላትም። ቀጥ ብላ ብትቆም እንኳ ባሏን ብብቱ ሥር ነው የምትደርሰው።

"ባሌ ጎብጧል" አለች። "ዕድሜ ያሳጥራል።"

"ሠላሳ ሳንቲሜትር?"

ለአፍታ ሁለቱም ሊስቁ ቃጥቷቸው ነበር፤ ግን የሚስቅ አቅም ያለው አንደኛቸው ብቻ ነበር።

"ቤት እንግባ" አለች ተቆጣጣሪዋ።

የቀረውን መንገድ ሴትዮዋ በቤቱ ሐሳብ ጨረሰችው። አልጋውን የት ታደርገዋለች? መስኮቱንስ? ቀኑን የሚያሳልፈው ሐይቁን በመስኮት እያየ ነው። አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቷታል። ለእንዲህ ያለ ቀን ብላ፣ እንደ ሕፃን ፊደል እያስቆጠረች ሁለት ቃል አስጠንታዋለች። ሰው መጥቶ ቢጠይቅህ "ዞሬ ገባሁ" በል። ከዚያ ውጪ ትንፍሽ እንዳትል። ሳምንታት ፈጅቶበት፣ አሁን አጥርቶ ይለዋል።

መጋረጃውን ስትገልጠው ባሏ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪዋ ሽባውን እጅ አየች፣ የተጣመመውን ከንፈር አየች፤ ሁሉ ነገር ፍንትው ብሎ ሳለ እንኳ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

"አባቴ፣ እንደምን አሉ? ዛሬ ሐይቁን ዞረዋል?"

ሚስቱ ከተቆጣጣሪዋ ጀርባ ሆና በዓይኗ ለመነችው። በል። ሁለት ቃል ናት፣ በላት።

ሰውየው ሚስቱን ከእግር እስከ ራሷ አያት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

"እኔ... አልጋ" አለ። ደህናውን እጁን አንሥቶ ወደ ሚስቱ ጠቆመ። "እሷ... ውሃ።" እጁ ግን ገና አልወረደም። ሌላ ቃል ከሩቅ እየጎተተ ነበር። "ደከማት።"

"ምነው! ምነው ጉድ ሠራኸኝ!" ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ግን ንዴቱ መቆሚያ አጣ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጎበዝ ሲሏት፣ በርቺ ሲሏት፣ እግዜር ይርዳሽ ሲሏት ኖራለች። ደከማት ያላት ሰው አልነበረም። ራሷም ብትሆን እወድቃለሁ ብላ ፈርታ ይህን ቃል ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ባሏ አጠገብ ቁጭ አለች። ቤቱ ሄደ ብላ አሰበች፤ ይሂድ። እንባዋ መጣ፣ አላበሰችውም።

ተቆጣጣሪዋ ወንበር ስባ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቿን ዘረጋች። የዚህን ሐይቅ ጠባቂ የምትሾመውም የምታነሳውም እሷ ነበረች፤ አንገቷን ደፍታ ብዙ ጻፈች። ከዚያ ፊቷን ወደ ወረቀቱ እንዳደረገች መናገር ጀመረች።

"ገመዶቹ በዚህ ሳምንት ሠላሳ ሠላሳ ሳንቲሜትር ወደሚጠልቅ ቦታ ይዛወራሉ፤ ዘንጌን ትቼ ነው የምሄደው። በዓመት ከመንፈቅ አንድ ሰው እንኳ እንዳልሰጠመ ጽፌያለሁ። የቀድሞው ጠባቂ በሕመም ጡረታ ይወጣሉ። ጠባቂ ብዬ ያስገባሁት እርስዎን ነው፣ እናቴ፤ ቤቱም በእርስዎ ስም ይሆናል። ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለዎት። ባለቤትዎ ወስደውት አያውቁም መሰለኝ። ስለዚህ ነገ ሌላ ሰው እልካለሁ።"

ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቀና አለች። ሴትዮዋ እንደተቀመጠች ራሷን ባሏ ትከሻ ላይ ጥላ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ቤቱ እንደቀረላት አልሰማችም።

ተቆጣጣሪዋ ፈገግ ብላ ተነሣች። የምሥራቹን ልትነግራት ትከሻዋን ለመንካት እጇን ስትዘረጋ፣ ሰውየው ሳትደርስ በደህናው እጁ ያዛት። አጥብቆ ያዛት። ከንፈሩ ረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

"ተያት" አለ። "ነገ... ትነግሪያታለሽ።"