አፍንጫው የተቀበረ ዛፍ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ አፈር መዛቅ ነበር። በግማሽ በርሜል ከተተከለ ዛፍ ግርጌ፣ እሱ በጣቱ፣ እኔ በማንኪያ።

የቦቴ ሹፌር ነበር። ከአሰብ ነዳጅ እየጫነ በሸዋ ሮቢት ያልፋል፤ ሲያልፍ እቤቱ ያድራል። ዛፉን ገና ችግኝ ሳለ ከነጭቃው ያመጣው ከባሕሩ ዳር ነው። ቆይቼ በአንድ የትምህርት መጽሐፍ እንዳየሁት ማንግሮቭ ይባላል። እሱ ግን "የጨው ዛፍ" ይለው ነበር። ጨው ውሃ ይጠጣና ጨዉን በቅጠሉ እንደ ላብ ያወጣዋል። አላመንኩትም ነበር፤ ቅጠሉን ልሼ ነው ያመንኩት።

በሁለተኛው ዓመት ከጭቃው ውስጥ እርሳስ እርሳስ የሚያካክሉ ጣቶች ወደ ላይ ወጡ። እኔ የቀወት ገበሬ ልጅ ነኝ። ሥሩ የወጣ ማሽላ አፈር ካላስታቀፉት ነፋስ ይጥለዋል። ዛፉንም አፈር አስታቀፍኩት።

ሲመጣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አገኘው።

"ምን አድርገሽው ነው?"

"ተንከባክቤው ነዋ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አፍንጫውን እኮ ነው የቀበርሽው። በእነዚህ ነው የሚተነፍሰው። እኔን ስትቀብሪኝ ነው እንዲህ አድርገሽ የምታስታቅፊኝ።"

ሳቅሁ። ቁጭ ብለን መዛቅ ጀመርን። እየዛቀ፣ አንድ ጊዜ ባሕሩ ላይ ጥቁር ዘይት ፈሶ የዛፎቹን ጣቶች ሁሉ ሲለብሳቸው ማየቱን ነገረኝ።

"እንዴት ቻሉት ታዲያ?" አልኩት።

"የት ቻሉት? ቅጠላቸውን አራገፉ። ዳር ያሉትን ማዕበሉ እየመጣ ሲያጥባቸው አዲስ ጣት አወጡ። ውሃ የማይደርስላቸው እንደ ቆሙ ደረቁ።"

በማግስቱ ሄደ። ቦቴው መንገድ ላይ ከነእሱ ተቃጠለ። ከቀበሌ የመጡት ሰውዬ "ለእናት ሀገር የተከፈለ መሥዋዕትነት ነው" አሉኝ። የምቀብረው ነገር ግን አላመጡልኝም።

ሦስት ቀን ድንኳን ተቀመጥኩ። ጎረቤቱ ወጥ እየያዘ መጣ፤ የመጣው ሁሉ "አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ቻይው" አለኝ። በአራተኛው ቀን ጓሮ ስወጣ፣ ለካ የድስቱን እጣቢ ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ሲደፉ ሰንብተዋል። ቅጠሉ ስለተመናመነ እንጨት የተሰካበት የቆሻሻ በርሜል መስሏቸዋል። ጣቶቹ በዘይትና በበርበሬ ተለብጠዋል።

አክስቴ ከኋላዬ መጥተው አዩት። "ዛፍ አይደል እንዴ? ይችለዋል" አሉ።

ጠንካራ ነሽ ማለት እኛ አናጥብሽም ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

የቀሩት ቅጠሎች በሳምንት ውስጥ ረገፉ። ከጣቶቹ ብዙዎቹ በሰበሱ። ከወራት በኋላ አንድ አዲስ ጣት ወጣ፤ አንድ ብቻ። አክስቴ ይህን አይተው "አላልኩሽም? ቻለው" ይላሉ።

አሁን በየጠዋቱ ጨው በውሃ በጥብጬ የተረፉትን ጣቶች አንድ በአንድ በጨርቅ አጥባለሁ።