ሶስና ጎል ያጣችበት የነቢያት ጾም

ከአገር የወጣንበት ማታ ሶስና አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ዲቪው የደረሰው ለእኔ ነው፤ እልል ልበል ላልቅስ አላወቅሁም። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ከደብረ ብርሃን እስከ ቦሌ ልጄን አቅፋ ሸኘችን። ጥበቃው "ከዚህ በኋላ ተጓዥ ብቻ" ሲል በጋቢ እንደጠቀለለቻት ሰጠችኝና፣ "ብርዱን አትፍሪው፤ ደብረ ብርሃንን የቻለ የትም ይችላል" አለችኝ። አመንኋት። እኛ አገር አመዳይ ጠዋት ሣሩ ላይ ይታያል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። እዚህ ግን በረዶውን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ቤት ሠርተውለት እዚህ በጣም በሚሞቅበት በሐምሌ እንኳ እንዳይቀልጥ ይጠብቁታል።

በገባንበት ከተማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ያለ የበረዶ ሜዳ ውስጥ ነበር፤ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹን አጸዳለሁ። ልጅ የሚይዝልኝ ስለሌለ ሶስና ከትምህርት ቤት መጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ ሰው ረስቶት የሄደውን ከሥሩ ብረት ያለው ጫማ አደረገላት። ወደቀች፣ ተነሣች፤ ከዚያ ወዲያ እሷን ከበረዶው ላይ የሚያወርዳት ጠፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ የሆኪ ወላጆች ሁሉ ስሟን የሚያውቁት ተጫዋች ሆነች። ጎል ሳታገባ የምትወጣበት ጨዋታ አልነበረም። እኔ በስልኬ እየቀዳሁ ለእትዬ አስካለ እልካለሁ፤ እሷ ለጎረቤት ታሳያለች። "ግን ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?" ስትለኝ፣ "ገና ጨዋታ ነው፤ በረዶ ላይ" አልኋት። በዚያው ተግባባን።

ችግር ያመጣብን ልምምዱ ነው። ሶስና ሕንፃችን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እየገባች ፓክ የሚሉትን ጥቁር ጎማ ግድግዳው ላይ ትመታለች። የሕንፃው ማናጀር ጠርቶ የልብስ ማድረቂያውን ማሽን አሳየኝ።

"ማም፣ ድራየሩ ተጨራምቷል።"

"ይቅርታ፣ ልጄ ሆኪ ትጫወታለች።"

"ሆኪ?" ቀና ብሎ አየኝ። "ኢትዮጵያውያን አይደላችሁም?"

"ነን።"

"ታዲያ ለምን አትሮጥም? ሩጫ ድምፅ የለውም።"

ሊዙን፣ የኪራይ ውላችንን፣ አላደሰልንም። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በትሕትና "ውጡ" ማለት ነው። እዚሁ አገር፣ ራቅ ብላ አሌክሳንድሪያ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን እኅቴ ጽጌ ቤዝመንቷን ለቀቀችልን፤ ውለታዋን እግዚአብሔር ይክፈላት። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ልምምድ መመላለስ ስላልተቻለ ሶስና ክለብ ቀየረች። አዲሱ ክለብ ያለፈውን ዓመት ጎሎቿን አይቶ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

ከዚያ ጎሉ ቆመ።

አንድ ጨዋታ፣ ሁለት፣ ሦስት። የነቢያት ጾም ገባ፤ አሁንም የለም። ልጄ መብላት ተወች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ትተኛለች። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ናትንግ" ትላለች። ደብረ ብርሃን ቢሆን ልጅ ሲከፋው ጎረቤት ሁሉ ይገባል፤ እዚህ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚከፋው። አንድ ቀን ሻወሩን ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። በሩ ላይ ቆሜ ማንኳኳት አቃተኝ።

ኮቹ ቁርጡን ነገረኝ። "ያመጣናት ታገባለች ብለን ነው። እሑድ ካላገባች ወደ ታችኛው ቡድን ትወርዳለች።"

ሶስና ይህን ስትሰማ፣ "ከወረድኩ አቆማለሁ" አለች። አባት የላት፣ እህት የላት፤ ከበረዶው ሜዳ ሌላ የምትስቅበት ቦታ አላውቅም። ብታቆም ከዚያ አልጋ የምትነሣ አልመሰለኝም።

"ዓይን ነው" አለች ጽጌ። "ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበላት! ጸበል ውሰጃት እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኋት። አላንገራገረችም። ካህኑ ጸለዩላት፣ ተጠመቀች፤ ስትወጣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። መኪና ውስጥ ሂተሩን ለቅቄ ፀጉሯን በነጠላዬ ሳደርቅላት፣

"ማሚ፣ አይ ኖው፣ ትራይ እያደረግሽልኝ ነው" አለች። "በት ጸበሉ ፓስ አያደርግልኝም።"

"አፍሽን ያዢ! በጸበል ይቀለዳል?"

"አልቀለድኩም። ማዲ የለችማ። ፓኩን የምታመጣልኝ ማዲ ናት።"

"ማዲ ማናት?"

ዞራ አየችኝና አስረዳችኝ። በሆኪ አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይገባሉ፤ ላይን ይሉታል። ማዲ በሲልቨር ስፕሪንጉ ክለብ ከሶስና ጋር አንድ ላይን ነበረች። ጥግ ገብታ፣ ተጋፍታ፣ ተመትታ ፓኩን የምታወጣው እሷ ናት፤ ቀና ሳትል እንኳ ሶስና የት እንደምትሆን ታውቃለች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ማሚ" አለችኝ። "አንድ ቀን እንኳ አላየሻትም?"

ቤት ገብቼ ቪዲዮዎቹን ከፈትሁ። ሁሉም የሚጀምሩት ፓኩ ሶስና ዱላ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በአንዱ ብቻ፣ ከዳር፣ በረዶው ላይ የወደቀች ልጅ እግር ይታያል። ለእመቤታችን በየጎሉ ምስጋና አድርሻለሁ። ለዚያች ልጅ እናት ግን "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ጨዋታው ሄድን። ኮቹን በር ላይ አገኘሁት።

"እባክህ፣ ፓስ ከምትሰጥ ልጅ ጋር አሰልፍልኝ።"

"ጥሩ ፓስ የሚሰጡት የመጀመሪያው ላይን ውስጥ ናቸው። እሱን አልነካም።"

"ሶስናን እዚያ ብታስገባትስ?"

"እዚያ ለመግባት ጎል ማግባት አለባት።"

"ጎል ለማግባት ደግሞ እዚያ መግባት አለባት።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ጨዋታው ወደ ማለቁ ሲቃረብ እትዬ አስካለ ደወለች። እዚያ መሽቷል፤ ስለት ገብታ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀው።

"ወይንዬ፣ አገባች?"

"ገና ነው።"

"እመቤቴ ድረሺላት! ምን እያደረገች ነው?"

ያን ቀን ዓይኔን ከልጄ ላይ አንሥቼ ሌሎቹን አያለሁ። አብረዋት የገቡት ሁለቱ አጥቂዎች ጥግ ላይ ናቸው። አንዷ ፓኩን ይዛ ራሷ ልታገባ ትታገላለች፤ ሌላዋ ቆማ ታያታለች። ሶስና ጎሉ ፊት ለፊት ብቻዋን ናት፤ ማንም አልያዛትም። ዱላዋን በረዶው ላይ ታንኳኳለች። ስጡኝ ማለቷ ነው።

"ባዶ ቦታ ላይ ቆማለች፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አይሰጧትም?"

"እኔ እንጃ።"

"እንጃ ምንድን ነው? ንገሪያቸው እንጂ!"

"አንቺው ንገሪያቸው" አልኋት። ስፒከሩን ከፍቼ ስልኩን ወደ ሜዳው ዘረጋሁት። እህቴ ከደብረ ብርሃን፣ "ስጧት! እናንተ ልጆች፣ ስጧት እንጂ!" እያለች ትጮኻለች። ከፊታችን የተቀመጡት ወላጆች ዞረው አዩኝ። ሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሶስና ዱላዋን ታንኳኳለች።